ማን ነው የሚንተባተበው?

ከጥገናው ጠረጴዛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የፖሊ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ካውንተር ስትራይክ 2 እየተጫወትኩ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። ስጀምር ጨዋታው ጥሩ ይሄዳል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን መንቀርፈፍና እየያዘ መልቀቅ ይጀምራል። ተመልካቾቼ ደግሞ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «ይቆራረጣል» እያሉ ይጽፉልኛል። ላፕቶፔ ኮር አይ5 ነው፤ 8 ጊጋባይት ራምና ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አለው። የማስተላልፈው በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ በ6000 ቢትሬት ነው። ኢንኮደሩ ኤክስ264 ይላል። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ «ሸጠህ ሌላ ግዛ» ይለኛል። የኢንተርኔቴን ፍጥነት ለክቼ ፎቶውን አያይዤልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?
የፖሊ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ ላፕቶፑን አትሽጥ፤ ፎርማቱም ይብቃህ። በከተማችን ጥገና ቤቶች ፎርማት እንደ ፌጦ ነው፤ ለሆድ ቁርጠትም ለራስ ምታትም ለቡዳም ይታዘዛል። እኔም በወጣትነቴ ብዙ ሰው አስቸግሬበታለሁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ሳነበው ያየሁት ግን አንድ ሕመም ሳይሆን ሁለት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስለጠራሃቸው ነው መድኃኒቱ የጠፋብህ። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በአንተ ስክሪን ላይ ምንም ችግር የለም፤ በተመልካቾችህ ስልክ ላይ ግን አለ። እንግዲህ የእነርሱ መቆራረጥ ከጨዋታህ የተወለደ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የሚንተባተበው ማን እንደሆነ እንለይ። ዘዴው አምስት ሳንቲም አያስወጣም። የማስተላለፊያ ፕሮግራሙን፣ ኦቢኤስን፣ ክፈትና ቀጥታ ስርጭቱን ሳታስጀምር፣ ስርጭቱ በሚጠቀምበት በዚያው ኢንኮደርና በዚያው ጥራት መቅረጽ ብቻ ጀምር። 10 ደቂቃ ተጫወት። ከዚያ ጨዋታውን ዘግተህ የተቀረጸውን ፋይል ተመልከተው። ፋይሉ ጥርት ብሎ ከሄደ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከቤትህ እስከ ዩቲዩብ ባለው መንገድ ላይ ነው። ፋይሉም ከተንተባተበ ግን ኮምፒውተሩም እጁ አለበት።

ኦቢኤስ ራሱም ቢሆን አይደብቅህም። ከላይ ካለው «ቪው» ዝርዝር ውስጥ «ስታትስ» የሚለውን ክፈትና ሦስት መስመሮች ፈልግ። አንደኛው ግራፊክስ ካርዱ በጨዋታው ተጠምዶ ምስሉን በጊዜ ማዘጋጀት ያቃተውን ይቆጥራል። ሁለተኛው ኢንኮደሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያምቀው ክፍል፣ ያመለጠውን ይቆጥራል። ሦስተኛው በኢንተርኔቱ መጥበብ ምክንያት የተጣለውን ነው። ሰው ሱቄ መጥቶ «ፍሬም ይጥላል»፣ ማለትም ከተከታታዩ ምስል ይጎድላል፣ ሲለኝ «ከሦስቱ የትኛው?» እላለሁ፤ አብዛኛው ትክ ብሎ ያየኛል። ሐኪም ቤት ሄዶ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደሚል ሰው ነው። አንድ ምሽት ስታሰራጭ ሦስቱንም ቁጥሮች በየአምስት ደቂቃው ወረቀት ላይ ጻፋቸው። የትኛው እንደሚያድግና መቼ ማደግ እንደጀመረ ማየት ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ያም ሆኖ በአንተ ቤት ሦስተኛው መስመር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እንደሚያድግ ከሱቄ ሳልወጣ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ፎቶህን አይቻለሁ። ማውረጃው 10 ሜጋቢት፣ መጫኛው 3 ሜጋቢት ነው። አንተ ዓይንህ 10ሩ ላይ ነው ያረፈው። ፊልም የሚያይ ሰው 10ሩን ይጠቀምበታል፤ የሚያስተላልፍ ሰው ግን የሚሠራው በመጫኛው ነው። ቢትሬት ማለት በየሰከንዱ የምትልከው የመረጃ መጠን ነው፤ 6000 ኪሎቢት ማለት 6 ሜጋቢት ነው፤ በ3 ሜጋቢት በር እንዲወጣ ታዘዋለህ። ሁለት ኩንታል ጤፍ በአንድ ኩንታል ጆንያ ስትከት የተረፈው መሬት ይፈሳል፤ ኦቢኤስም የተረፈውን ፍሬም ይጥለዋል። 6000 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣም እገምታለሁ። ትዊች ለ1080 ጥራትና ለ60 ፍሬም የሚመክረው ነው፤ የሚመክረው ግን በሩ ለሚያሳልፈው ሰው ነው።

ከመጫኛህ 70 በመቶውን ብቻ ውሰድ፤ ቀሪው ለመስመሩ መዋዠቅ ይቅር። ድምፁን ጨምሮ 2100 ኪሎቢት ገደማ ይደርስሃል። ስለዚህ የምስሉን ቢትሬት 2000 አድርገውና ጥራቱን ወደ 720፣ ፍሬሙን ወደ 30 አውርደው። ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ፤ ወጣት ሁሉ 1080 ካልሆነ ይላል። ቁጥሩን ግን እንቁጠረው። 1920 በ1080 አንድ ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ በሰከንድ 60 ሲሆን 124 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። 1280 በ720 በ30 ፍሬም ግን 27.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሥራው በአራት እጥፍ ተኩል ቀነሰ። 2000 ኪሎቢት ለ124 ሚሊዮን ነጥብ ሲከፋፈል ሁሉም ይራባል፤ ጠላት ሲሮጥ ስክሪኑ ሁሉ እንደ ተቦካ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለ27 ሚሊዮኑ ሲከፋፈል ግን ያጠግባል ባይባልም ያኖራል። በዚያ ላይ ተመልካቾችህ በስልክ ነው የሚያዩህ።

ጥቅል የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ በ6000 አንድ ሰዓት ማስተላለፍ ወደ 2.7 ጊጋባይት ይበላል፤ በ2000 ግን ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ጨምር። ቢትሬቱ ቋሚ ይሁን፤ የቁልፍ ፍሬሙ፣ ማለትም ሙሉ ሆኖ የሚላከው ምስል፣ ልዩነት 2 ሰከንድ ይሁን። በዩቲዩብ በኩል ደግሞ የስርጭቱን መዘግየት «እጅግ ዝቅተኛ» አድርገኸው ከሆነ ወደ መደበኛው መልሰው። መዘግየቱ ሲያጥር የተመልካቹ ስልክ አስቀድሞ የሚያጠራቅመው ምስል ያንሳል፤ መስመሩ ትንሽ ሲያዳልጥ ወዲያው ይቆምበታል። ተመልካችህ ሰላምታህን ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቢሰማ አይሞትም።

ኢንኮደሩን በተመለከተ አጭር ነው። ኤክስ264 ምስሉን የሚያምቀው በፕሮሰሰሩ ነው፤ ያ ፕሮሰሰር ደግሞ ጨዋታውን የሚያስኬደው ያው ነው። አንድ በሬ ሁለት ማሳ አያርስም። ግራፊክስ ካርድህ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ ኤንቬንክ ይባላል፤ ኤንቪዲያ ከ2012 ጀምሮ በካርዶቹ ውስጥ ያስገባዋል። በኦቢኤስ ቅንብር «አውትፑት» ሥር እርሱን ምረጥ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕመም እንምጣ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደሚመጣው። ይህ እንኳ የባሕር ዳር ሰው ሳይነገረው የሚገባው ነው። የደንገል ታንኳ ጠዋት ከዳር ሲነሣ ደረቅና ቀላል ነው፤ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ውሎ ሲያረፍድ ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ቀዛፊው ያው ጉልበት ይዞ ፍጥነቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት። ላፕቶፕህም የሚመጥጠው ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚቀበለው መዳብና አሉሚኒየም እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ሲሞላ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ነው ይህን የሚያደርጉት። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከጨዋታው ጀርባ ክፈተውና ሙቀቱንና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ጎን ለጎን ተመልከት። 20ኛዋ ደቂቃ ላይ ሙቀቱ ጣሪያ ነክቶ ፍጥነቱ ቁልቁል ከወረደ ሌባው ተያዘ።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው። አየራችን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው፤ ቡናችንም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ያህል እየዞረ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የክፍሉ ሙቀት ሲጨመርበት አስበው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ለመብራት የሚሰበሰቡት ጥቃቅን በራሪዎች አሉ፤ ከሐይቁ አጠገብ ከሚኖሩ ደንበኞቼ ላፕቶፕ ውስጥ በቡሩሽ የማወጣው ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ ክንፍ ነው።

አንተም ላፕቶፑን ገልብጠህ ጠጋኝ ዘንድ ውሰደውና ማራገቢያውን አስጠርገው፤ በጥገና ቤት «ፔስት» የምንለውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትም አስቀይር። ራስህ የምትጠርገው ከሆነ አየር ስትነፋበት ማራገቢያውን በጣትህ ያዘው፤ እንደ ወፍጮ እንዲሽከረከር ከለቀቅኸው መሽከርከሪያው ይበላሻል። ስትጫወት ከኋላ በኩል በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርገው። አልጋ ላይ አስቀምጠህ የምትጫወት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት በከንቱ ነው። ከዚህም ሁሉ በኋላ ካልቀዘቀዘ አንድ የመጨረሻ ዘዴ አለ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 በመቶ ወደ 99 አውርደው። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈነጥዝበትን አሠራር ያጠፋዋል። ጥቂት ፍጥነት ታጣለህ፤ ያለህ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይቆይልሃል።

እግረ መንገዴን ቻርጀርህንም ተመልከት። ባለፈው ዓመት ቻርጀሩ የተቃጠለበት አንድ ልጅ መጣልኝ፤ ገበያ ወጥቶ ጫፉ የገባለትን ገዝቷል። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል። ሲባዛ 65 ዋት ነው። የእርሱ ላፕቶፕ የሚፈልገው 6.92 አምፔር፣ ማለትም 135 ዋት ነበር። ጫፉ ገባ፣ መብራቱ በራ፣ ባትሪውም ሞላ፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን ፕሮሰሰሩ ይሽመደመዳል። ሦስት ቀን ሶፍትዌር ስፈትሽ ነበር፤ ቻርጀሩን ገልብጬ ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው።

ራሙም ይቀራል። 8 ጊጋባይት ካለህ «ታስክ ማናጀር» ከፍተህ የሜሞሪውን ገጽ እይ፤ ከሁለት መሰኪያ አንዱ ብቻ ተይዞ ከሆነ ራሙ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ሁለተኛ አንድ ዓይነት ራም ስትጨምርበት መጠኑ 16 መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ያነባል። ገንዘብ ማውጣት ካለብህ የምታወጣው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም ጨዋታው ያለ ልክ እንዲሮጥ አትፍቀድለት። ግራፊክስ ካርዱ 99 በመቶ ከተያዘ ለኦቢኤስ የሚተርፍ የለም፤ ያ የመጀመሪያው መስመር የሚያድገው ያኔ ነው። የጨዋታውን ፍሬም በ60 ገድበው። «90 እያገኘሁ ለምን 60?» ትለኝ ይሆናል። 60 ማለት አንዱ ምስል በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይመጣል ማለት ነው። ዓይን የሚያየው ብዛቱን ሳይሆን እኩልነቱን ነው። ማኅሌት ላይ ከበሮ መቺው አንዲት ምት ቢያዘገይ በደቂቃው ውስጥ የመቱ ቁጥር ያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ዘወር ብሎ ያየዋል። ግራፊክስ ድራይቨር ባደስክ ማግስት በመጀመሪያው ጨዋታ አልፎ አልፎ ቢይዝህ ግን አትደንግጥ፤ ምስሉን ለመሳል አዘጋጅቶ ያጠራቀመውን እንደገና እያዘጋጀ ነው፤ ራሱ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በከተማዋ ውስጥ የጨዋታ ቤት አለኝ፤ ስድስት ኮምፒውተሮች ናቸው። ቅዳሜ ማታ ውድድር አዘጋጅቼ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። መጫኛዬ 8 ሜጋቢት፣ ስርጭቴ በ4000 ቢትሬት ነው፤ በልኩ ነው ያለሁት። ቀን ስሞክረው ምንም አይልም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ኦቢኤስ በኢንተርኔቱ ምክንያት የሚጥለው ፍሬም ቁጥር ይጨምራል። አቅራቢውን ልክሰሰው?
የጨዋታ ቤት ባለቤት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመክሰስዎ በፊት ቤትዎን ይፈትሹ። ማታ መስመር መጨናነቁ እውነት ነው፤ ግን እርስዎ ቤት የራስዎ ስድስት ኮምፒውተሮችና የሃያ ልጆች ስልኮች አሉ። ዋይፋዩን ለደንበኛ ከፍተው ከሆነ እያንዳንዱ ስልክ ገና ሲገናኝ ቀኑን ሙሉ የተነሣውን ፎቶ ወደ ላይ መጫን ይጀምራል፤ የሚበላው ያንኑ መጫኛዎን ነው። ዊንዶውስም አንድ ተንኮል አለው። ያወረደውን ማሻሻያ በእርስዎ መስመር ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍልበት አሠራር አለ፤ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ይባላል። በስድስቱም ላይ ያጥፉት። የጨዋታ ማውረጃው ስቲምም በሌሎቹ ማሽኖች ላይ ማሻሻያ እንዳያወርድ ለዚያች ምሽት ያቁሙት።

የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር በገመድ ይገናኝ። በዋይፋይ ሃያ ሰው ባለበት ክፍል ማስተላለፍ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ ምስጢር እንደ መንገር ነው። በኦቢኤስ «አድቫንስድ» ገጽ ላይ መስመሩ ሲጠብ ቢትሬቱን በራሱ የሚቀንስ ምርጫም አለ፤ ምልክት ያድርጉበት፤ ምስሉ ለጊዜው ይደበዝዛል እንጂ አይቆረጥም። ራውተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ዩፒኤስ ላይ መሰካትዎንም አይርሱ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ተርፎ ራውተሩ የሞተበት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ አድርገው፣ ደንበኛውንም አስወጥተው፣ በገመድ ብቻ በምሽቱ 2 ሰዓት ለክተው መጫኛው 8 ካልደረሰ ያኔ የሦስት ምሽት ልኬት ይዘው ይሂዱ። ማስረጃ በእጁ የያዘ ሰው ይደመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። ልጄ ጨዋታ እየተጫወተ ፊቱን በጥግ በኩል እያሳየ ያስተላልፋል። ጨዋታው ደህና ነው፤ ፊቱ ብቻ ማታ ማታ እንደ ድሮ ፊልም ይንቀጠቀጣል። ካሜራው ተበላሽቷል፣ ውዱን ግዙልኝ ይለኛል። እውነቱን ነው?
እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም፤ ግን ገንዘብዎን ያቆዩት። እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተዋርጃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ይህንኑ ብሎ ኮምፒውተሩን አመጣልኝ፤ ከፈትኩት፣ ጠረግሁት፣ ፔስት ቀየርኩ፣ 400 ብር ተቀበልኩ። ሱቄ መስኮት አጠገብ በቀን ስሞክረው አንድም ነገር የለም። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ማታ ቤቱ ሄድኩ፤ በጣሪያው መሐል አንዲት ደብዛዛ አምፖል ብቻ ነበረች። የጠረጴዛ መብራት አምጥተን ፊቱ ላይ ስናበራ መንቀጥቀጡ ያኔውኑ ቀጥ አለ። ገንዘቡን መለስኩ፤ እናቱ ግን ቡና ሳታጠጣኝ አልለቀቀችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል ለማንሣት ለእያንዳንዱ ቢበዛ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ አለው። ጨለማ ሲሆን ያ ጊዜ ብርሃን ለመሰብሰብ አይበቃውም፤ ስለዚህ በራሱ ጊዜውን እጥፍ ያደርገውና በሰከንድ 15 ብቻ ያነሣል። የሚያዩት መንቀጥቀጥ እርሱ ነው። አንድ የጠረጴዛ መብራት ይግዙለት። ከኋላው ወይም ከአናቱ በላይ ሳይሆን ከስክሪኑ ጎን፣ ፊቱን ፊት ለፊት እንዲያገኘው ያድርግ። ነጭ ግድግዳ ካለ መብራቱን ግድግዳው ላይ ቢያበራው ዓይኑንም አያስለቅሰውም።

መብራቱ ከተገዛ በኋላ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይ ሲንሸራተቱ ካየ ደግሞ ሌላ መብራት እንዳያስገዛዎት። ኦቢኤስ ላይ የካሜራውን ቅንብር ይክፈትና የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ የሚጠይቀውን ቦታ ይፈልግ። 60 ብሎ ከሆነ ወደ 50 ይቀይረው፤ የእኛ አገር መብራት 50 ነው።